አስቤስቶስን በኬሚካል «ማከም»፦ ተስፋውና ጉድለቱ ከደብረ ታቦር ሲታይ

መግቢያ

አንድ ነገር ለጤና ጎጂ መሆኑ በጥናት ሲረጋገጥ ሁለት መንገዶች ይታያሉ። አንደኛው ሰውን ከጎጂው ነገር ማራቅ ሲሆን ሁለተኛው ጎጂውን ነገር ለውጦ ከሰው ጋር አብሮ እንዲኖር ማድረግ ነው። አስቤስቶስን በተመለከተ ሁለተኛው መንገድ በተደጋጋሚ ተሞክሯል። ቃጫውን በአሲድ በማጠብ፣ በፎስፌት በመለበጥ፣ በአረፋ በማሟሟት፣ በሙቀት በማቅለጥ አልፎም በሻጋታ በማስበላት ጉዳቱን ለመቀነስ የደከሙ ተመራማሪዎች ጥቂት አይደሉም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥረት በሂስ ዓይን መርምሮ በደቡብ ጎንደር ደጋ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ምን ትርጉም እንዳለው ማመልከት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሌላ መንገድ ካልተገለጹ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጉዳዩን ከደብረ ታቦር ጋር ምን አገናኘው የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የደቡብ ጎንደር ደጋ፣ ከጉና ተራራ እስከ ጋይንት ገደሎች ድረስ፣ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የተገኘ የባዛልት ምድር ነው። ክሪሶታይል የሚባለውና በዓለም ገበያ በስፋት የተሸጠው የአስቤስቶስ ዓይነት የሚገኘው ግን ሰርፔንቲን በሚባል ሌላ ዓይነት አለት ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ አስቤስቶስ የሚጠረጠረው በመንገድ ተጭኖ በሚመጣ ዕቃ ላይ ነው። የከተማው ቤት በአብዛኛው በቆርቆሮ የተከደነ ስለሆነ ከጣሪያው ይልቅ ጋራዡ ቀዳሚ ትኩረት ይሻል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት በመሆኑ የፍሬን ሸራ ቶሎ ያልቃል፤ ሸራውን ፈትቶ የሚያጸዳውና የሚቀይረውም በመንገዱ ዳር ያለው መካኒክና ረዳቱ ነው። ዛሬ ብዙ የፍሬን ሸራዎች ያለ አስቤስቶስ ይሠራሉ። ሆኖም በማሸጊያው ላይ ይዘቱ በግልጽ ያልተጻፈ ሸራ ከአስቤስቶስ ነጻ ነው ብሎ መገመት አይቻልም።

ሁለተኛም ምክንያት አለ። የአገራችን ደጋ የማዕድን ብናኝ ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ፣ ጉዳቱም እንዴት እንደሚከላከል ከራሱ ልምድ የሚያስተምር በሽታ አለው፤ እርሱም ከአፈር የሚመጣው ዝሆኔ ነው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

ቃጫው እንዴት ይጎዳል?

«ሕክምናው» ምን ሊለውጥ እንደሚችል ለመፍረድ በመጀመሪያ ጉዳቱ ከየት እንደሚመነጭ መረዳት ያስፈልጋል። የአስቤስቶስ ቃጫ የሚጎዳው በሦስት ባሕርያቱ ድምር ነው። የመጀመሪያው ቅርጹ ነው። ማክሮፌጅ የሚባለው የመከላከያ ህዋስ ከራሱ ቁመት የሚረዝም ቃጫ ሲያጋጥመው ሙሉ በሙሉ ሊውጠው አይችልም፤ በመሆኑም እየታገለ ህብረ ህዋስ የሚያቆስሉ ንጥረ ነገሮችን ወደ ውጭ ይረጫል። ስታንተንና ባልደረቦቹ በ1981 ባወጡት ጥናት በአይጦች ላይ ዕጢ ከማስከተል ጋር በጠነከረ ሁኔታ የተያያዙት ከ8 ማይክሮሜትር የሚረዝሙና ከ0.25 ማይክሮሜትር የሚቀጥኑ ቃጫዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። ሁለተኛው ባሕርይ ጽናቱ ነው፤ ይኸውም በሳንባ ውስጥ ሳይሟሟ የሚቆይበት ዘመን ነው። ሦስተኛው የገጹ ኬሚስትሪ ነው። የክሪሶታይል ውጫዊ ገጽ የማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ንብርብር ያለው ሲሆን አዎንታዊ ሙል ስላለው የቀይ የደም ህዋስን ሽፋን ይሰብራል። ክሮሲዶላይትና አሞሳይት በሚባሉት የአምፊቦል ዓይነቶች ላይ ደግሞ በቃጫው ውስጥ ያለው ብረት ጎጂ የኦክስጅን ውህዶች እንዲፈጠሩ ያግዛል።

ውጤቱ የታወቀ ነው፦ አስቤስቶሲስ፣ የሳንባ ካንሰር፣ ፕሉራን የሚያጠቃው ሜሶቴሊዮማ፣ እንዲሁም የማንቁርትና የእንቁልጢ ካንሰር። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ሁሉንም የአስቤስቶስ ዓይነቶች በሰው ላይ ካንሰር በማስከተል በተረጋገጡት ምድብ ውስጥ አስገብቷል። የዓለም የጤና ድርጅትም በየዓመቱ ከ200,000 በላይ ሰዎች በሥራ ላይ ባጋጠማቸው የአስቤስቶስ ተጋላጭነት ሳቢያ እንደሚሞቱ ይገልጻል። ሜሶቴሊዮማ ከመጀመሪያው ተጋላጭነት በኋላ እስኪገለጥ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። አንባቢ ይህን የጊዜ ርዝመት ልብ እንዲል እናሳስባለን፤ የሂሱ ዋና ክር እርሱ ነውና።

የተሞከሩት «ሕክምናዎች»

ቀዳሚው በአሲድ ማጠብ ነው። አሲድ ከክሪሶታይል ላይ ማግኒዚየሙን ይገፋል፤ ቃጫውም አዎንታዊ ሙሉን ያጣል፣ ይዳከማል፣ በቀላሉም ይሰባበራል። በ1977 እና በ1981 የታተሙ ጥናቶች በአይጦች ደረት ውስጥ በመርፌ የተሰጠ፣ ማግኒዚየሙ በብዛት የተወገደለት ክሪሶታይል ካልታጠበው ያነሰ ዕጢ ማስከተሉን ዘግበዋል። ግኝቱ እውነተኛና ጠቃሚ ነው፤ የቃጫው ኬሚስትሪ ለጉዳቱ ድርሻ እንዳለው አስተምሯል።

ሁለተኛው በካናዳዋ የኬቤክ ግዛት በ1980ዎቹ የተካሄደው ነው። ኬቤክ ከዓለም ታላላቅ የክሪሶታይል ማዕድን ማውጫዎች የሚገኙባት ግዛት ነበረች። ገበያው በጤና ስጋት ምክንያት መቀዝቀዝ ሲጀምር የግዛቲቱ የአስቤስቶስ ኩባንያ ተመራማሪዎች ቃጫውን በፎስፎረስ ኦክሲክሎራይድ ትነት አክመው ገጹን በፎስፌት የሚለብጥ ዘዴ አወጡ፤ የባለቤትነት መብትም አስመዘገቡበት። የዘዴው ዓላማ ቃጫውን ለኢንዱስትሪ ተፈላጊ ያደረጉት ባሕርያት ሳይጠፉ ጎጂነቱን መቀነስ ነበር።

ሦስተኛው በ1990ዎቹ በአሜሪካ የብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ከግሬስ ኩባንያ ጋር የሠራው ነው። በሕንፃ ብረት ላይ እሳት እንዲከላከል የተለጠፈን ክሪሶታይል ያለበት ልስን ሳያነሡ፣ ባለበት አሲዳዊ አረፋ በመርጨት ቃጫውን የሚያሟሙበት ዘዴ ነው። የዚህ ዘዴ ዓላማ ቃጫውን ማቆየት ሳይሆን ማጥፋት ነበር።

አራተኛው ሙቀት ነው። ክሪሶታይል ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ በውስጡ የያዘውን ውሃ እያጣ ይፈርሳል፤ ሙቀቱ ወደ 800 ሲደርስ ፎርስቴራይት ወደሚባል ሌላ ማዕድን ይለወጣል። በፈረንሳይ ሞርሴንክስ በተባለ ስፍራ የአስቤስቶስ ቆሻሻን በፕላዝማ አቅልጦ ወደ መስታወት መሰል አለት የሚለውጥ ተቋም ተሠርቷል። የመካኒኩ የፍሬን ሸራም በራሱ መንገድ ይህንኑ ያደርጋል፤ በፍትጊያ ግለት አብዛኛው ቃጫ ስለሚለወጥ ያለቀ ሸራ ብናኝ ከአዲሱ ያነሰ አስቤስቶስ ይዞ ይገኛል።

አምስተኛው በሕያዋን ነገሮች የሚደረገው ነው። በጣሊያን የቱሪን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2003 ጀምሮ ባወጧቸው ጽሑፎች ፉዛሪየም ኦክሲስፖረምን የመሳሰሉ የአፈር ሻጋታዎች ብረትን ከቃጫው ውስጥ መዝዘው እንደሚያወጡ አሳይተዋል። ዘዴው ለተበከለ መሬት ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ሥራው ግን ዝግተኛ ነው።

ሂስ

በእነዚህ ሥራዎች ላይ የምናቀርበው የመጀመሪያው ሂስ የተለካውን ነገር ይመለከታል። በብርጭቆ ውስጥ የቀይ ደም ህዋስ መሰበሩ መቀነሱ፣ ወይም በአንድ አይጥ ዕድሜ ውስጥ የዕጢ ቁጥር ማነሱ፣ አንድ መካኒክ ከ40 ዓመት በኋላ ምን እንደሚገጥመው አይነግረንም። አይጥ የሚኖረው ሁለት ዓመት ያህል ነው። በመርፌ ደረት ውስጥ መስጠትም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመተንፈስ ጋር አንድ አይደለም። «ያነሰ ጎጂ» የሚለው ቃል በላቦራቶሪ ሲነገር ንጽጽር ነው፤ ገበያ ላይ ሲደርስ ግን «ጎጂ ያልሆነ» ተብሎ ይሰማል። በእነዚህ ሁለት አባባሎች መካከል ያለው ርቀት የሚለካው በሰው ሕይወት ነው።

ሁለተኛው ሂስ ቅርጹን ይመለከታል። መለበጥ ገጹን ይለውጣል እንጂ ርዝመቱንና ቅጥነቱን አይለውጥም። ከላይ እንዳየነው ግን ማክሮፌጁን የሚያስቸግረው ርዝመቱ ነው። በተጨማሪም ቃጫ ሲሞረድ፣ ሲቆፈርና ሲሰነጠቅ ልባጥ ያልደረሰበት አዲስ ገጽ ይገለጣል። የፍሬን ሸራ ደግሞ ሥራው መፋቅ ነው፤ ተፍቆ የሚያልቅን ዕቃ በልባጥ ማመን ያዳግታል።

ሦስተኛው፣ ኬሚካላዊው ሕክምና በቀላሉ የሚሸነፈው ክሪሶታይል ብቻ መሆኑ ነው። ክሮሲዶላይትና አሞሳይት አሲድን አጥብቀው ይቋቋማሉ። ስለዚህ ሜሶቴሊዮማን በማስከተል ይበልጥ የሚፈሩት ዓይነቶች ከአሲዱና ከአረፋው ሕክምና ውጭ ይቀራሉ። የአረፋው ዘዴም ቢሆን ግቡ የቃጫውን ይዘት ከአንድ በመቶ በታች ማውረድ ነበር። ይህ ቁጥር በአሜሪካ ሕግ አንድ ዕቃ «አስቤስቶስ ያለበት» የሚባልበትና የማይባልበት ድንበር ነው፤ የጤና ድንበር ግን አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ከካንሰር ስጋት ነጻ የሆነ የተጋላጭነት መጠን ስለመኖሩ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል።

አራተኛው ሂስ ሕክምናው ራሱ የሚያስከትለውን አደጋ ይመለከታል። ፎስፎረስ ኦክሲክሎራይድ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጭስ የሚያወጣ ቆርቋሪና መርዛማ ኬሚካል ነው። የአንዱን ሠራተኛ ሳንባ ለመጠበቅ የሌላውን ሳንባ ለዚህ ጭስ ማጋለጥ ስሌቱ ትክክል አይመስልም።

በዚህ ረገድ ከአስቤስቶስ ጎን ለጎን የሚነገር አንድ ታሪክ ሊዘነጋ አይገባም። በካናዳ ኦንታሪዮ ከ1943 እስከ 1979 ድረስ የማዕድን ሠራተኞች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በልብስ መቀየሪያ ክፍል የአልሙኒየም ዱቄት እንዲተነፍሱ ይደረግ ነበር። ሐሳቡ አልሙኒየሙ የሲሊካውን ብናኝ ለብጦ ሲሊኮሲስን ይከላከላል የሚል ነበር፤ ዱቄቱም ማክንታየር ፓውደር ተብሎ ይታወቃል። በ2020 ይፋ የሆነ ጥናት ዱቄቱን በተነፈሱት ዘንድ የፓርኪንሰን በሽታ ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳየ፤ በ2022 ኦንታሪዮ ይህን በሽታ ከዱቄቱ ጋር የተያያዘ የሥራ በሽታ አድርጋ ተቀበለች። ብናኙን ለማከም ሲባል ሰው ሌላ ብናኝ ተነፈሰ፤ ማዕድን ማውጫው አቧራውን በውሃና በአየር ማስወጫ የመቆጣጠር ግዴታው ግን ወደ ጎን ተገፋ።

የመጨረሻውና ዋነኛው ሂሳችን ዓላማን ይመለከታል። ቃጫውን ለማጥፋት የሚደረግ ኬሚስትሪና ቃጫውን ለመሸጥ የሚደረግ ኬሚስትሪ በስም ቢመሳሰሉም በሥነ ምግባር አይገናኙም። አረፋው፣ ፕላዝማውና ሻጋታው የቀደመ ትውልድ የተወውን ቆሻሻ ለማስወገድ የታሰቡ ናቸው፤ ድክመታቸው እየተነገረ ሊደገፉ ይገባል። የፎስፌቱ ልባጥ ግን ሽያጩ እንዲቀጥል የታሰበ ነበር። ታሪክም ፍርዱን ሰጥቷል። ኬቤክ ቃጫውን አክማ ገበያዋን ማዳን አልቻለችም፤ የካናዳ የአስቤስቶስ ማዕድን ሥራ በ2011 ቆመ፣ አገሪቱም በ2018 አስቤስቶስን ከለከለች። ይሁን እንጂ «ክሪሶታይል በአግባቡ ከተያዘ አይጎዳም» የሚለው ክርክር ዛሬም አልሞተም። በሮተርዳም ስምምነት መሠረት ላኪ አገር ለተቀባይ አገር አስቀድሞ ማሳወቅና ፈቃድ ማግኘት ከሚገባው ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ ክሪሶታይል እንዲገባ ከ2006 ጀምሮ በተደጋጋሚ ቢጠየቅም ጥቂት አገሮች እየተቃወሙ አግደውታል። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል በመሆኗ ክርክሩ ባዕድ አይሆንብንም፤ ስለሚገባው ዕቃ አስቀድሞ የማወቅ መብታችንን የሚነካ ነውና።

ከዝሆኔ የምንማረው

ወደ ደጋችን እንመለስ። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረጋቸው ጥናቶች በባዶ እግራቸው በሚሄዱ ገበሬዎች ላይ የሚታየው የእግር እብጠት ከፊላሪያ ትል ሳይሆን ከቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። ከሄንደርሰን ጋር ሆኖ የብሽሽት ንፍፊቶችን ሲመረምርም የሲሊካና የአልሙኒየም ሲሊኬት ብናኞች አገኘ። ለበሽታው ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም ሰጠው፤ ትርጉሙ የእግር የአቧራ በሽታ ማለት ነው። ስሙ ሳንባን ከሚያጠቃው ኒውሞኮኒዮሲስ ጋር እንዲመሳሰል ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። የጤና ባለሙያው አስቤስቶሲስንና ዝሆኔን እንደ ሩቅ ዘመዳሞች ቢመለከታቸው አይሳሳትም፤ በሁለቱም ሰውነት ሊያስወግደው ያልቻለ የማዕድን ብናኝ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ማክሮፌጅ ይታገላል፣ ቁስለትና ጠባሳ ይከተላል።

በ2013 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደውና ከ129,000 በላይ ሰዎች የተካተቱበት የስርጭት ጥናት በሽታው በአዋቂዎች ዘንድ 4 በመቶ ያህል እንደሆነ አመልክቷል፤ አማራ ክልል ከፍተኛ ስርጭት ከታየባቸው ክልሎች አንዱ ነው። ሁሉም በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው አይታመምም። በ2012 የታተመው የፋሲል ተኮላና የባልደረቦቹ ጥናት በበሽታው መያዝ ከዘር ውርስ ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳይቷል። ቢሆንም የመከላከያው ምክር በዘር አልተወሰነም፦ ጫማ አድርጉ፣ እግራችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከደቡብ ጎንደር በዓባይ ሸለቆ ማዶ ባለው በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎችን ያሳተፈና በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው እግርን ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ማሰርና ጫማ ማድረግ በዓመት የሚያጋጥመውን አጣዳፊ የእግር ቁስለት ለአንድ ሰው ከ23.9 ወደ 19.4 ጊዜ ቀንሶታል። ቅነሳው ትልቅ ላይመስል ይችላል፤ ነገር ግን በሽታው ከያዛቸው በኋላ የተገኘ እፎይታ ነው። አስቀድሞ ጫማ ያደረገ ሕፃን ከዚህ ሁሉ ይድናል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አፈሩን ማከም የማይታሰብ ነው፤ ስለዚህ በአፈሩና በቆዳው መካከል ጫማ ገባ። ንጽጽሩ እዚህ ላይ አያበቃም። አፈር የገበሬው እንጀራ ነው፤ ሊከለከልም ሊተካም አይችልም። አስቤስቶስ ግን ተተኪ አለው። ሊተው በማይቻለው ነገር ላይ ንክኪን መቁረጥ ከቻልን፣ ሊተው በሚቻለው ነገር ላይ ቃጫውን አክመን እንቀጥል ማለት ሚዛን የሚደፋ ክርክር አይሆንም።

በደብረ ታቦርና በአካባቢው ምን እናድርግ?

በመካኒኮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሜሶቴሊዮማ መጨመሩን በአንድ ድምፅ አለማሳየታቸውን መሰወር አይገባም። በዚህ መሠረት ሕዝብን ማስደንገጥ ተገቢ አይደለም። ጥንቃቄው ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

አንደኛ፣ በጋራዥ የፍሬን ብናኝን በኮምፕሬሰር አየር መንፋትና በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ እንዲቀር፣ በምትኩ በውሃ ርሶ በእርጥብ ጨርቅ እንዲጠረግ ማስተማር ያስፈልጋል። አዲስ ሸራ መሞረድና መብሳት ካለቀው ሸራ ይልቅ ያሠጋል፤ ቃጫው በግለት አልተለወጠምና። የሥራ ልብስ ወደ ቤት ተወስዶ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ። ተራ የጨርቅ ወይም የቀዶ ሕክምና ጭምብል ለዚህ ብናኝ በቂ መከላከያ አይደለም።

ሁለተኛ፣ አስቤስቶስ እንዳለበት የሚጠረጠር አሮጌ የሲሚንቶ ክዳን ከተገኘ አይሰበር፣ አይፈቅፈቅ፣ ለአጥርና ለምድጃ መከለያ አይዋል። ከሁሉ በላይ ማንም ሰው «ለማከም» ብሎ አሲድ እንዳያፈስበት መንገር ያስፈልጋል። ከላይ የተዘረዘሩት ዘዴዎች በባለሙያ ቁጥጥር የሚሠሩ ናቸው፤ በጓሮ የሚደረግ ሙከራ ሲሚንቶውን አፍርሶ ቃጫውን ይለቃል። ማስወገድ ካስፈለገ ክዳኑን አርሶ ሳይሰብሩ ማንሣት፣ መጠቅለልና የሚመለከተውን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማማከር ይገባል። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1090/2010፣ የሠራተኛን ደኅንነት በተመለከተ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕግ መሠረት ይሰጡናል። የሁለቱ አዋጆች ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ሦስተኛ፣ በምርመራ ክፍል አንድ ጥያቄ እንጨምር። ደረቅ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት፣ ወይም በፕሉራው ውስጥ ውሃ የቋጠረ ታካሚ ሲመጣ በአገራችን ቲቢ በቅድሚያ መጠርጠሩ ትክክል ነው። አክታው ነጻ ሆኖ፣ የቲቢ መድኃኒትም ወስዶ ካልተሻለው ግን «ዛሬ ምን ትሠራለህ?» ብቻ ሳይሆን «ከ30 ዓመት በፊት የት ትሠራ ነበር?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱም በካርዱ ላይ ይጻፍ። ያልተጻፈ የሥራ ታሪክ ነገ ለሚመጣ ተመራማሪ የጠፋ ማስረጃ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሠራተኛም እንዲያቆም አጥብቆ መምከር ይገባል፤ ሲጋራና አስቤስቶስ ሲጣመሩ የሳንባ ካንሰር አደጋ ከየብቻቸው እጅግ ይልቃል።

ማጠቃለያ

ቃጫን በኬሚካል ማከም እንደ ሳይንስ የተከበረ፣ እንደ ቆሻሻ ማስወገጃ ተስፋ ያለው፣ እንደ ንግድ ማስቀጠያ ግን ተቀባይነት የሌለው ሐሳብ ነው። አንድ ነጋዴ ወይም አማካሪ «ይህኛው የታከመ ነው» ቢለን የምናቀርብለት ጥያቄ አጭር ነው፦ ቃጫው ጠፍቷል ወይስ ተለብጧል? ተለብጧል ከተባለ ከ40 ዓመት በኋላ ውጤቱን የሚያየው ዛሬ በደብረ ታቦር ጋራዥ ሙያ የሚለምደው ወጣት ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ለዚህ ወጣት ቅጠሉ እርጥብ ጨርቅ፣ ከአስቤስቶስ ነጻ የሆነ ሸራና የሥራ ታሪኩን የሚጠይቅ የጤና ባለሙያ ነው።